በቴዲ ስም የተቆጠረው ደሜ

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለእታለም ትዕዛዝ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት አድርጎሻል? የደም ግፊት ኪኒንሽን በየቀኑ ትወስጃለሽ ወይስ አሁንም «ዛሬ ደኅና ነኝ» እያልሽ ታሳልፊዋለሽ? ጋሼ አምኃ ዐይናቸውን ከተሠሩ ወዲህ እንዴት ናቸው? ማህሌትስ አዲሱ ሥራ ተስማማት? ደብረ ታቦር ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነበር፣ ጤፉስ ያዘ? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልሽ እንደ ሌላ ጊዜው ከአንገት በላይ አይደለም፤ ደሜ ተቆጥሮ የተነገረኝን ነው የምነግርሽ። እንዴት እንደተቆጠረ ግን ታሪኩ ረጅም ነውና ተረጋግተሽ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ባለፈው በስልክ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። በግንቦት የላክሁልሽ የደም ምርመራ ወረቀት ላይ ያለው ስም የእኔ ሳይሆን የቴዲ ለምን ሆነ ብለሽኝ ነበር። ኔትወርክ ተቆረጠ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደኅና ነበር፣ እኔ ነኝ መልስ ያጣሁት። እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ስልክሽን የምትከፍትልሽ ማህሌት ናት፤ የድምፅ መልእክት ስልክልሽም ቤት ሙሉ ሰው ይሰማዋል። እኔ ከቫይረሱ ጋር እንደምኖር እዚያ ቤት ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እንዲያውቅም አልፈልግም። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልሽ። የሚያመጣልሽ ቢኒያም ጨዋ ልጅ ነው ይባላል። ቢሆንም ፖስታውን በሦስት በኩል በማጣበቂያ ዘግቼዋለሁና የተነካካ ከመሰለሽ ንገሪኝ።

እየሳቅሽብኝ እንደሆነ ይታወቀኛል። ከልጅነትህ ጀምሮ ጠርጣራ ነህ ትይኛለሽ። ግን ከልጅነቴ አይደለም እታለም። አብሮን በአንድ ሰሃን የበላ ልጅ ስማችንን ዝርዝር አድርጎ ለካድሬዎቹ ከሰጠ በኋላ ነው። ይኸው ሱዳን ከገባሁ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ፤ ዛሬም ሰላም የሚለኝን ሰው ሁለቴ ነው የማየው። አል-ማንሺያ በምጠብቀው ቪላ በር ላይ ይህ ጠባዬ እንጀራዬ ሆኗል፤ ጌትዮው ከአንተ የተሻለ ዘበኛ አላየሁም ይለኛል። ልጁን ሒሳብ ስለማስጠናለት ደግሞ «ፍፁም» ብሎ በስሜ አይጠራኝም፣ «ያ ኡስታዝ»፣ አንተ መምህር፣ ነው የሚለኝ።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ጀብራ ሰፈር መድኃኒቴን የምወስድባትን ትንሽ ክሊኒክ ነግሬሻለሁ። እዚያ ለዐሥራ አንድ ዓመት በየስድስት ወሩ ደሜን እየቀዱ ሲመረምሩኝ ኖረዋል። መጀመሪያ ሲዲፎር የሚሉትን፣ በሽታ የሚከላከለውን የደም ክፍል፣ ነበር የሚያዩት፤ ኋላ ላይ የቫይረሱን መጠን ራሱን መቁጠር ጀመሩ። ቫይረሱ ካልታየ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከወጣ ወይ መድኃኒቱን በትክክል አልዋጥክም፣ ወይ ቫይረሱ መድኃኒቱን ለምዶታል። አምና በጥቅምት ግን ዶክተር አፋፍ የምትባል ሐኪም ኮምፒውተር የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትላ መጣችና ሁላችንንም ሰብስባ አነጋገረችን። ለአንድ ሰው ደም መቁጠሪያ የሚወጣው ገንዘብ ለሌላ ሰው የብዙ ሳምንት መድኃኒት ይገዛል አለች። አገሩ ድሃ ነው፣ መድኃኒት አጥቶ ወረፋ የሚጠብቅ አለ። ስለዚህ ደም መቁጠሩ በእርግጥ ሕይወት የሚያተርፍ መሆን አለመሆኑን፣ ወይስ ነርስ በሚዛንና በጥያቄ ብትከታተለን ያው ውጤት ይገኝ እንደሆነ ማወቅ አለብን አለች። ግማሻችን ደማችን ይቆጠራል፣ ግማሻችን ደግሞ በነርስ ዐይን ብቻ እንታያለን። መድኃኒቱ ለሁላችንም እንደ በፊቱ ነው። ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን በዕጣ ይወጣል አለችና የታሸጉ ፖስታዎች የሞሉበት ካርቶን አቀረበች።

ፈረምኩ። ፖስታዬንም አወጣሁ። ከመክፈቴ በፊት ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት፣ ምንም አይታይም። ስከፍተው ደም ከማይቆጠርላቸው ወገን ሆንኩ። ነገሩ ወዲያው አልጣመኝም። በዚያች ክሊኒክ የምንታከም ሐበሾች ሰባት ነን። ከሰባታችን አምስታችን ደም የማይቆጠርልን ሆንን። እንግዲህ እንዴት ነው ይሄ ዕጣ፣ ፊት እያየ የሚወጣ ነው እንዴ አልኩ በሆዴ። ማታ በር ላይ ተቀምጬ በእስክሪብቶ ሠራሁት። ከሰባት ሰው አምስት ወይም ከዚያ በላይ ደም ከማይቆጠርለት ወገን የመሆኑ ዕድል ከመቶ ሃያ ሦስት ገደማ ነው፤ አራት ጊዜ ዕጣ ብታወጪ አንዴ ያህል የሚያጋጥም ተራ ነገር። ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው የራሴን ሒሳብ ማመን ነበረብኝ። አላመንኩም። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩና ጥርጣሬዬን ያዝኩ።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ የምታየኝ ሲስተር ዛሂራ ሆነች። ደግ ሴት ናት፤ ያን ጊዜ ግን ደግነቷንም በጥርጣሬ ነበር የማየው። ሚዛን ላይ ታቆመኛለች፣ ምላስህን አውጣ ትለኛለች፣ ስንት ቀን መድኃኒት ዘለልክ ብላ ትጠይቀኛለች። ምንም አልዘለልኩም እላታለሁ፤ እውነቴንም ነው። እሷ ግን የምትጽፈው ከምናገረው በላይ ይረዝምብኝ ነበር። ስለዚህ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ የዐረብኛ ጽሕፈቷን ገልብጬ ማንበብ ተማርኩ። «ሽማግሌው ንጹሕ ልብስ ለብሷል፣ ይቆጣል» ብላ ጽፋ አገኘሁ። ልብሴ ለሕክምናው ምን እንደሚረባ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እንዲህ ሆነን ዐቢይ ጾም ገባ። ባለቤቴ ወሰንየለሽ ከሞተችብኝ ወዲህ ጾሙን እንዴት እንደምይዘው አንቺ ታውቂያለሽ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አልቀምስም፣ ኪኒኔን ማታ ከምግብ በኋላ እወስዳለሁ። አንድ ቀን አልዘለልኩም፣ በእሷ ስም እምልልሻለሁ። ችግሩ ለክሊኒኩ አለመናገሬ ነው። ከእኛ ሰዎች አንዳንዶቹ በጾም ወቅት ጠበል እየጠጡ መድኃኒቱን ያቆማሉ፤ ያንን ሐኪሞቹ ያውቃሉ። ጾመኛ ነኝ ካልኩ ከእነዚያ ይቆጥሩኛል፣ መዝገቡ ላይም የማይታዘዝ ብለው ይጽፉብኛል ብዬ ፈራሁ። ረመዳን ሲቃረብ ዛሂራ በሽተኛውን ሁሉ ትጾማለህ ወይ እያለች ስትጠይቅ የእኔ ተራ ሲደርስ ፈገግ ብላ አለፈችኝ። ክርስቲያን ነህና አንተን አይመለከትህም ማለቷ ነው። ተመስገን ብዬ ዝም አልኩ።

በየካቲት ስልሳ ሁለት ኪሎ ነበርኩ። በመጋቢት ሃምሳ ዘጠኝ። በሚያዝያ መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ ስቆም ሃምሳ አምስት ተኩል አለ። ዛሂራ አውርዳ እንደገና አቆመችኝ። ያው ነው። ፊቷ ተለወጠ። ተቅማጥ አለህ? የለኝም። ትኩሳት? የለኝም። መድኃኒት ትውጣለህ ወይስ ታታልለኛለህ? አሁንስ ደሜ ፈላ፤ እኔ በልጅነቴም ያልቀጠፍኩ ሰው! ግን ስለ ጾሙ አሁን ብናገር እስካሁን ለምን ደበቅህ ሊሉኝ ነው። ጾሙን ሳላነሣ ከሚዛኑ ወረድኩ። እሷም ከዐሥር በመቶ በላይ ከስተሃል፣ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው፣ ሐኪሞቹ ከዒድ በኋላ ተሰብስበው ወደ ሁለተኛው ደረጃ መድኃኒት ያዛውሩሃል አለችኝ። ሁለተኛው ውድ ነው፣ ብዙም አይገኝም፤ እሱም ካልሠራ ከዚያ ወዲያ እዚህ አገር ሌላ ነገር የለም።

እስቲ አስቢው፣ ደሜን ስላልቆጠሩት ገንዘብ ሊያተርፉብኝ ነው ብዬ ስጠረጥር የነበርኩት ሰው፣ ያን ዕለት ደግሞ ውድ መድኃኒት ሊሸጡልኝ ነው ብዬ መጠርጠር ጀመርኩ። ሁለቱ እንደማይገጥሙ አልጠፋኝም። ጥርጣሬ ግን ሒሳብ አይጠይቅም፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ይዤ ተቀመጥኩ። እርግጡን የሚነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም ደሜ። ደሜን ደግሞ አይቀዱኝም።

እዚህ ላይ ነው ቴዲ የሚመጣው። ከስደተኛ ካምፕ ጀምሮ የማይለየኝ ወዳጄ መሆኑን ታውቂያለሽ። ጀሪፍ ጋራዥ አለው፣ አስማእ የምትባል ሱዳናዊት አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። እሱም መድኃኒት የሚወስደው ከእኔ ጋር ነው፤ አስማእም አውቃ ነው አብራው የምትኖረው። በዕጣው ደሙ ከሚቆጠርላቸው ወገን ወጥቷል። የመቀጃው ቀን በዚያው ሰሞን ነበር። ደም የሚቀዳው ጣይብ የሚባል ልጅ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሌላ ቦታ እየመጣ ስለሆነ ፊታችንን አያውቅም። ካርዱ ላይም ስምና ቁጥር እንጂ ፎቶ የለም። ዕድሜያችን ያው፣ ሁለታችንም ረጃጅም ሐበሾች ነን። ቴዲ፣ በስምህ እኔ ልቀዳ አልኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ገና አፌን ሳልዘጋ «ታማም፣ ያላ፣ ሂድ ተቀዳ» ብሎ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። እኔ ዓለምን ሁሉ የምጠረጥረው ሰው ያንን እሺታ፣ ያንን ጥድፊያ፣ ለምን ብዬ ሳልጠይቅ ተቀበልኩ። እንዴት ያለ ወዳጅ ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

ጣይብ የቴዲን ስም ሲጠራ «ነዓም» ብዬ ገባሁ። ክንዴን ሰጠሁ። መርፌው ሲገባ የፈራሁት መያዝን እንጂ ሕመሙን አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት ውጤቱ መጣ። ቫይረሱ አልታየም ይላል! መድኃኒቱ እንደ አንደኛው ቀን እየሠራ ነው። ያችን ወረቀት ነው ፎቶ አንስቼ የላክሁልሽ። በደስታ ስሙን እንኳ ሳልሸፍን ላክሁት፤ ከሠላሳ ስድስት ዓመት ጥንቃቄ በኋላ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠራሁ። ፋሲካም ሆነ፣ ሥጋ በላሁ፣ በግንቦት ኪሎዬ ተመለሰ። ዛሂራ ግራ ገብቷት መድኃኒት መቀየሩ ይቆይ ተባለ። እኔም ምንም ሳልተነፍስ ወጣሁ። ብልጥ ሆንኩ ብዬ ኮራሁ እታለም። እንዲህ ነው የምነግርሽ፣ ምንም አልደብቅሽም።

በሐምሌ ቴዲ ከዕድሩ ስብሰባ ሁለቴ ቀረ። ሰልፍ ስላለ መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል አልኩ። ሦስተኛውን ሲቀር ጀሪፍ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ጋራዡ ውስጥ ከመኪና የተነቀለ ወንበር ላይ ተጋድሞ ያስላል። ያ ሞተር ብቻውን የሚያነሣ ሰው አንገቱ ቀጥኗል። ክሊኒክ አልሄድክም ወይ አልኩት። ሄጄ ነበር አለ። ምን አሉህ? ካርዱን አዩና ደምህ ንጹሕ ነው፣ ተራ ሳል ነው ብለው ሽሮፕ ሰጡኝ አለ። ንጹሕ ነው የተባለው ደም የእኔ ነበራ! እሱ እንዲህ እየቀለጠ እኔ በስሙ መልስ ሰጥቼለት ነበር።

መድኃኒቱን አምጣ አልኩት። ዕቃውን ከፍቼ ቆጠርኩ፤ ጠባዬ ነው። መቁጠር ለለመደ ሰው ብልቃጥ አይዋሽም፤ ለወሩ የተሰጠው እየጎደለ ያለው በትክክሉ ነው፣ ግን ከጎኑ ትንሽ ፌስታል ውስጥ ያው ኪኒን ታስሮ ተቀምጧል። ይሄ የማነው ስል መለሰልኝ። የአክስቱ ልጅ ሜሮን አምና በገዳሪፍ በኩል ገብታ ከቤቱ ተጠግታለች። እሷም ቫይረሱ አለባት፤ ይዛ የመጣችው መድኃኒት አልቋል። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም፤ ወረቀት የሌላትን ክሊኒኩ አይመዘግባትም ብለዋታል፤ ሐበሻ የሚለቅመው የፖሊስ ከሻ ሲመጣ ደግሞ ከቤት አትወጣም። ቴዲ ከታኅሣሥ ጀምሮ መድኃኒቱን ለሁለት እየከፈለ፣ አንድ ቀን እሱ አንድ ቀን እሷ ሲውጡ ኖረዋል። ደሙ ቢቆጠር ይታወቅበታል። እሺ ያለኝ ለዚያ ነው። አንተ ቁጥርህን ለማወቅ ስትሞት እኔ ቁጥሬ እንዳይታወቅ ነበር የምጸልየው አለኝ፣ ሳቅ እንኳ ሞክሮ ሳሉ አስቆመው።

ለሰው እንዳልናገር አስማለኝ። ከተናገርክ ኪኒኑ የት ገባ ይላሉ፣ ሜሮንን ይይዟታል፣ ጭነው ድንበር ይጥሏታል፣ ሁለታችንንም ከመዝገቡ ይፍቁናል አለ። ማልኩለት። ከእንግዲህ ሙሉውን ዋጥ፣ ለሜሮን ሌላ መላ እንፈልግ አልኩት። እሺ አለ፣ እኔ ግን አላመንኩትም፤ በዚህስ ልክ ነበርኩ። ከሳምንት በኋላ ስመለስ ፌስታሉ እዚያው ነው። ተቆጣሁት። እሱም መልሶ ተቆጣኝ፤ እኔ እየዋጥኩ እሷን ቁጭ ብዬ ልያት? አንተ ብትሆን ታደርገዋለህ? አለኝ። ዶክተር አፋፍ በኮምፒውተር ተሸክማ የመጣችውን፣ ያለው ጥቂት ለማን ይድረስ የሚለውን ጥያቄ፣ እሱ ጋራዡ ውስጥ በራሱ ሥጋ ሲሠራው ነበር።

ሦስት ሳምንት ተቃጠልኩ። ልንገር ስል መሐላዬ፣ ዝም ልበል ስል የቴዲ አንገት። እኛ ስም ባለመስጠት ነው ያደግነው። በዱላም አልሰጠንም። አሁን በገዛ እግሬ ሄጄ የወዳጄን ስም ልሰጥ? ዶክተር አፋፍን ዐሥር ወር ሙሉ ስጠረጥራት ነበርኩ፣ ከእሷ ምን ልጠብቅ? በመጨረሻ ነገሩ ቁርጥ አለልኝ። ብናገር ምን እንደሚመጣ አላውቅም፤ ዝም ብል ግን ምን እንደሚመጣ ዐውቀዋለሁ። በነሐሴ አንድ ሰኞ ቃሌን በላሁና ወደ ጀብራ ሄድኩ።

ዶክተር አፋፍ ከዛሂራ ጋር ተቀምጣ ነበር። ቆሜ፣ እንደ ተማሪ፣ ከጾሙ ጀምሬ እስከ መርፌው ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሜሮን ብቻ ዘለልኩ፤ ቴዲ መድኃኒት እያጓደለ ነው አልኩ እንጂ ለምን አላልኩም። ሰዎቹ ደኅንነት ይጠራሉ ብዬ ዐይኔ በሩ ላይ ነበር። ዶክተሯ ስለ ጥናቷ መበላሸት ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አሁን የት ነው ያለው? መራመድ ይችላል?» ብላ ነው። ይህንንም ጠረጠርኩት፤ አንድ ደቂቃ ያህል። ከዚያ መኪናዋን ላከች።

ዛሂራ ግን አለቀሰች። ሁሉን ጠይቄያለሁ እኮ፣ ክርስቲያን እንዲህ ይጾማል ብዬ አላሰብኩም አለች። እኔም አልጠየቅሽኝም አልኳት፤ አፍሬ። ዶክተር አፋፍ መነጽሯን አውልቃ ዐይኖቿን እያሸች ያለችውን እስከምሞት አልረሳውም። ያ ኡስታዝ፣ እኛ ልናውቅ የፈለግነው ይህንኑ ነበር አለችኝ። ነርስና ሚዛን ብቻቸውን ሲሆኑ ጾምን ከበሽታ ለይተው ያያሉ ወይ? አላዩም፤ ውድ መድኃኒት ያለቦታው ሊሰጥ ነበር። አንተ ጾሜ ነው ብትል ኖሮ ሳንቲም ሳናወጣ አንድ ትልቅ ነገር እንማር ነበር። ደም ስንቆጥርስ ሰው እውነቱን የሚያወጣ መስሎን ነበር፤ እሱም በሌላ ሰው ክንድ ያመልጣል ማለት ነው። ሁለታችሁንም ከጥናቱ ቁጥር አወጣችኋለሁ፣ ከሕክምናው ግን አይደለም አለች። ከዚያ ቀና ብላ ኪኒኑ ወዴት ሄደ አለችኝ።

ዐይኔን ወደ በሩ መለስኩ። እሷም ጠበቀችኝ። ፖሊስ እንዲህ እንደሚጠብቅ ዐውቃለሁ፤ ግን ፖሊስ አይለምንም፣ እሷ ደግሞ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የምትለምን ትመስል ነበር። የሚካፈለውን ሰው ስም አልጠይቅህም፣ ወረቀቱንም አልጠይቅህም፣ ራሱን ብቻ አምጣልኝ አለች። ለካ ኪኒን ለሁለት ሲከፈል ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ሜሮንን በሪክሻ ይዤያት ሄድኩ። ያች ሕፃን የመሰለች ልጅ መንገዱን ሁሉ የሪክሻውን መጋረጃ ጋርዳ መጣች፤ እሷ ውስጥ ስትመረመር እኔ ደግሞ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ መንገዱን በሁለቱም በኩል ስመለከት ሦስት ሰዓት ሙሉ ዋልኩ። አንድ ፒክአፕ ቆመ። ከሻ ነው ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ። ለካ ሐብሐብ የሚሸጥ ነው። ሜሮን የራሷን መድኃኒት በእጇ ይዛ ወጣች፤ ዶክተሯ በራሷ ፊርማ ነው ያስመዘገበቻት። ማንም አልተከተላትም። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ዛሬም ይከተሏት ይሆን እላለሁ፤ ጠባይ እንዲህ በአንድ ቀን አይለቅም።

የቴዲ ደም በራሱ ስም፣ ከራሱ ክንድ ተቀድቶ ተቆጠረ። ከመቶ ሺህ በላይ ወጣ። የመጀመሪያው መድኃኒት ከእንግዲህ ብዙም አይረዳውም ብለው ለእኔ ታስቦ የነበረውን ሁለተኛውን ደረጃ ጀመሩለት። ሳንባውንም እያከሙት ነው። ከአራት ወር በፊት ቢታወቅ ኖሮ ምን ያህል ይሻል ነበር ብዬ ዛሂራን ጠየቅኋት። ፊቷን ወደ መዝገቡ መለሰች። መልሱን ዐውቀዋለሁ።

ቴዲ ግን እኔን ሲያይ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። «ሰላይ» አለኝ። በእኛ ዘመን ለነበረ ሰው ከዚህ የሚከፋ ቃል እንደሌለ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለዚያ ቃል ብለን ስንት ልጆች ቀብረናል። ከነሐሴ ጀምሮ አላናገረኝም። ጁምዓ ጁምዓ ጋራዡ ድረስ እሄዳለሁ፣ አስማእ ውኃ ትሰጠኛለች፣ እሱ ከመኪናው ሥር አይወጣም። እግሮቹን እያየሁ እቀመጥና እመለሳለሁ። እግሮቹ ትንሽ ወፈር ያሉ ይመስለኛል፤ ወይ ደግሞ እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ እታለም። ሜሮንን ያስጠጋ እሱ፣ መድኃኒቱን ያካፈለ እሱ፣ እኔ ደግሞ ለራሴ ልብ ማረፊያ ብዬ ሐኪሞቹ እሱን የሚያዩበትን ዐይን ሸፈንኩ። ስለዚህ ነው ወረቀቱ ላይ የቴዲ ስም ያየሽው። ለስለቴ ሻማ አብርቼልሃለሁ ብለሽኝ ነበር፤ ሻማው ለእሱ ይቆጠርለት።

ይህን ደብዳቤ እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር። ዛሬ ጧት ግን አስማእ ደወለች። አዲሱን መድኃኒት ከጀመረ ሦስት ወር ስለሆነው ማክሰኞ ደሙ ይቆጠራል፤ ሠርቶለት እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። እሱ ግን «ፍፁም ራሱ ካልመጣ አልቀዳም» ብሎ እምቢ አለ አለችኝ። ምነው፣ ምን አድርግ ይለኛል አልኳት። ስልኩን ወደ እሱ አዞረችው መሰለኝ፣ ከሩቅ ድምፁን ሰማሁት፤ ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ያ መጠርጠር የማይሰለቸው ሰውዬ ይምጣና ክንዱ የማን እንደሆነ በዐይኑ ይይ፣ ኋላ አላምንህም እንዳይለኝ!» አለ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በር ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ጌትዮው ወጥቶ ያ ኡስታዝ ማን ሞተብህ አለኝ። ማክሰኞ ከፀሐይ ቀድሜ እደርሳለሁ።

ለጋሼ አምኃ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ዐይናቸው ውስጥ አቧራ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ማህሌትን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ስለ ደብዳቤው ስትጠይቅሽ ስለ ዕድር ነው በያት። ጎረቤትሽን እማማ ጥሩዬን፣ እነ ቄስ ደምሰውን፣ ሰላም ያሉኝን ሁሉ ሰላም በይልኝ። አንቺም የግፊት ኪኒንሽን ዋጪ፤ ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ደግሞ ያልጠየቀሽንም ጨምረሽ ንገሪው። ማክሰኞ ለቴዲ ጸልዪለት፣ ስመ ጥምቀቱ ገብረ ሥላሴ ነው።

ወንድምሽ ፍፁም

ካርቱም፣ አል-ማንሺያ
ኅዳር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.